በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የሚተነፈሰው፦ የአዲስ አበባ የአየር ብናኝ ጥናቶች ሲመዘኑ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደጃፍ ተነሥቶ በማዘጋጃ ቤት በኩል ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የሚወርድ እግረኛ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። መንገዱ አጭር ቢሆንም በላዩ የሚተነፈሰው አየር ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ አይደለም። ከቅጽሩ ውስጥ የዕጣን ጢስ ይወጣል፤ በቅጽሩ ሥር ጧፍና ሻማ ይነዳል፤ ጥግ ይዛ ጀበና የጣደች ሴት ከሰሏን ታራግባለች፤ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣው ሚኒባስ ጥቁር ጭሱን በእግረኛው ፊት ላይ ይለቃል፤ የፈረሰ ግንብ ትቢያም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይነሣል። በአዲስ አበባ አየር ላይ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሠሩት ጥናቶች ይህን ሁሉ በቁጥር ለመግለጽ የደከሙ ናቸው። ድካማቸው ዋጋ ያለው መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ ቁጥሩ ማንን ይወክላል? ከተገኘ በኋላስ ለማን ተነገረ? የተወሰደው እርምጃ ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱንስ ማን መዘነው? የሚለው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ብናኙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በሐኪሞች ዘንድ ይበልጥ የሚያሳስበው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሰው ብናኝ፣ በተለምዶ ፒ.ኤም. 2.5 የሚባለው ነው። ይህም የሰው ጠጉር ውፍረት ሠላሳኛ እጅ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ተለቅ ያለው አቧራ አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል፣ በአክታም ይወጣል። ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ዘልቆ ይገባል፤ በዚያም የማያቋርጥ ብግነት ያስነሣል፤ ከፊሉም ወደ ደም ይሻገራል። ውጤቱ በልጆች ላይ ሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ አስምና ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት፣ ከዚያም አልፎ የልብና የአንጎል ደም ሥር ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የዓለም የአየር ሁኔታ ዘገባ መሠረት፣ በ2021 በዓለም ዙሪያ ከአየር ብክለት ጋር የተያያዘው ሞት 8.1 ሚሊዮን ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 በሜትር ኩብ 10 ማይክሮ ግራም አድርጎት የነበረውን ዓመታዊ የፒ.ኤም. 2.5 መመሪያ በ2021 ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል።

በመሀል አዲስ አበባ ከተደረጉት ልኬቶች ሁሉ በጥንቃቄው ጎልቶ የሚታየው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎችና በውጭ ባልደረቦቻቸው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ነው። ከኅዳር 2015 እስከ ኅዳር 2016 በጥቁር አንበሳ ግቢ በየስድስት ቀኑ ናሙና ተወስዶ፣ አማካዩ በሜትር ኩብ 53.8 ማይክሮ ግራም ሆኖ ተገኘ። ናሙና ከተወሰደባቸው ቀናት ዘጠና በመቶ ያህሉ ከመመሪያው በላይ ነበሩ። የብናኙን ምንጭ በኬሚካላዊ ይዘቱ ለይቶ ለማወቅ በተደረገውም ስሌት፣ ተሽከርካሪ 28 በመቶ፣ እንጨት፣ ከሰልና መሰል ማገዶ 18.3 በመቶ፣ የአፈር አቧራ ደግሞ 17.4 በመቶ ድርሻ ተሰጥቷቸዋል። ከዚህ በፊት «ጥፋቱ የመኪና ነው»፣ «የለም የማገዶ ነው» እየተባለ በግምት ይነገር የነበረው ክርክር በዚህ ጥናት የሚጨበጥ መሠረት አግኝቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም የናሙናው አወሳሰድ ራሱ አንድ ነገር እንዲታሰብ ያስገድዳል። በየስድስት ቀኑ መለካት በዓለም የተለመደ ዘዴ ነው። ሰባት ቀን ያለውን ሳምንት በስድስት ቀን እርምጃ የሚከተል ሰው ከሰኞ እስከ እሑድ ያሉትን ቀናት ሁሉ በየተራ ስለሚያገኛቸው፣ የሥራውም ቀን የዕረፍቱም ቀን በተገቢው መጠን ይወከላል። ዘዴው የተፈለሰፈው ግን ወሩ አንዴ 28፣ አንዴ 30፣ አንዴም 31 ለሚሆንበት አገር ነው። የኢትዮጵያ ወር ምንጊዜም 30 ቀን ነው፤ 30 ደግሞ ለስድስት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ናሙናው ወር በገባ በ5 ተጀምሮ ሳይዛነፍ ቢቀጥል፣ እስከ ጳጉሜን ድረስ ሁልጊዜ የሚውለው በ5፣ በ11፣ በ17፣ በ23 እና በ29 ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን ስትሆን ብቻ ተራው በአንድ ቀን ይገፋል። በሌላ አነጋገር፣ የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ወይ በየወሩ በናሙናው ይገባል፣ ወይ አንድም ጊዜ አይገባም። ከአቦና ከበዓለ ወልድ ጋር አብሮ ይቆጠራል፣ ወይም ከእነርሱ ጋር አብሮ ይቀራል።

ይህ በከተማዋ ዓመታዊ አማካይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ምናልባት እጅግ ጥቂት ነው፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ ላለ መለኪያም ትርጉም ላይኖረው ይችላል። በካቴድራሉ ዙሪያ ለሚውል ሰው ግን 23 ቀን እንደ ሌላው ቀን አይደለም። ምእመናኑ፣ ታክሲው፣ ጧፉና ዕጣኑ በአንድነት የሚበዙበት ቀን ነው። ዘዴው ወደ አካባቢ ጥናት ሲወርድ ይህን ጉድለት ለማስተዋል የኬሚስትሪ ዕውቀት አያሻም። መርሐ ግብሩን በደጀ ሰላሙ ጧፍ ለምትሸጥ ሴት ማሳየት ብቻ በበቃ ነበር።

ስለ ቤት ውስጥ አየር የተጻፈው ደግሞ ሌላ ሥዕል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች በሚገኙ 59 ቤቶች ተለክቶ በ2014 በታተመው ጥናት፣ የ24 ሰዓቱ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ 818 ማይክሮ ግራም ነበር። በእንጨትና በከሰል በሚያበስሉት ቤቶች 1134፣ ነጭ ጋዝ በሚጠቀሙት 637፣ በኤሌክትሪክና በመሳሰለው ንጹሕ ኃይል በሚጠቀሙት 335 ሆኗል። ዘመኑ፣ መሣሪያውና የአማካዩ ዓይነት ስለሚለያይ ይህን ከ53.8 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይገባም። ቢሆንም ልዩነቱ ከዐሥር እጥፍ በላይ መሆኑ አንድ ነገር ይናገራል፦ በግቢ ውስጥ የቆመ መለኪያ የከተማዋን አየር እንጂ የከተሜዋን ሳንባ አይለካም።

ከሦስቱ አኃዞች ይበልጥ ሊያነጋግር የሚገባው የመጨረሻው ነው። ራሳቸው የማያጨሱ ምድጃዎች ያሉበት ቤት አየር 335 የሚደርሰው ለምንድን ነው? መልሱ የአራዳን አሮጌ ሰፈሮች ለሚያውቅ ሰው ሩቅ አይደለም። በጋራ ግድግዳ የተያያዙ ቤቶች፣ በጋራ የሚጠቀሙበት ጠባብ ግቢ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የተከፋፈለ ወጥ ቤት ባለበት፣ የአንዷ ጭስ የሌላይቱም ጭስ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ጎረቤት እሑድ እሑድ ምጣዷን ስትጥድ ልብሱን ከገመድ የሚያነሣ ሰው ይህን ያውቃል። ተመራማሪው ቤትን እንደ አንድ መለኪያ አሐድ ቢወስድም በእነዚህ ሰፈሮች ትክክለኛው አሐድ ግቢው ነው። በጅማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናትም በቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ መጠቀምን ከአለርጂ መብዛት ጋር አያይዞታልና፣ የመሀለኛው አኃዝ ቢሆን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የቡና ሥርዓት ጥናት ከሁሉ ይበልጥ ለሂስ የሚመች ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ ለሰው ኑሮ ቀርቧል። በዐሥር የአዲስ አበባ ቤቶች ቡና ሲፈላ የብናኝና የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ተለካ። ለአፍዪዋ በ24 ሰዓት አማካይ ላይ የሚጨመረው ብናኝ ብቻውን ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በላይ ሆኖ ተገኘ። በአራት ቤቶችማ ከመመሪያው እጥፍ በላይ ነበር። የካርቦን ሞኖክሳይዱም መጠን በሞላ ጎደል በሁሉም ቤቶች የአንድ ሰዓቱን ገደብ አልፏል። ዕጣን የብናኙን መጠን ሳይጨምረው እንዳልቀረም ተመልክቷል። ጥናቱ አነስተኛና የሙከራ መሆኑን አልሸሸገም፤ ይህም ያስመሰግነዋል።

ችግሩ ከመደምደሚያው ላይ ነው። መፍትሔ ማግኘት ከባድ የሚሆነው ሥርዓቱ በባህል ውስጥ ሥር የሰደደ በመሆኑና አማራጭ ማገዶ ባለመኖሩ ነው ይላል። ሁለተኛው ምክንያት እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን ሊጠየቅ ይገባዋል። ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲፈላ ቡናነቱ እንደማይቀር፣ መብራት ባለባቸውና ክፍያው በማይከብዳቸው ቤቶች ዕለት ዕለት ይታያል። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ጀበናውን፣ ስኒውን፣ ጎረቤቱንና ጊዜውን ነው። ከሰሉን የሚጠይቀው ኪስ ነው። ዐሥሩን አፍዪዎች «ከዚህ ሁሉ የትኛውን መተው ይቻላል? የትኛውን አይቻልም?» ብሎ የጠየቀ መጠይቅ ቢኖር ኖሮ መደምደሚያው ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። በዚህ ላይ ጥናቱ የለካው የቤቱን ቡና ነው። ከዚያ ወዲህ በየጎዳናው የተስፋፋው የጀበና ቡና ሽያጭ ቡናን በቀን ሦስቴ የሚፈላ ሥርዓት ከመሆን ከጧት እስከ ማታ ወደሚዘልቅ የእንጀራ ሥራ ለውጦታል። በጊዮርጊስ ዙሪያ በከሰል ፊት ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ሰዓት ለምትቀመጥ ሴት የዐሥሩ ቤቶች ውጤት አይገልጻትም።

ሕመሙ በሚለካበት በኩል ያለው ድክመት ከብናኙ ልኬት ይብሳል። በጎዳና ጽዳት ሠራተኞች፣ በወፍጮ ቤትና በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተሠሩት የመተንፈሻ አካላት ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የተመሠረቱት በብሪታንያና በአሜሪካ በተዘጋጁ መጠይቆች ትርጉም ላይ ነው። በእነዚያ መጠይቆች ማዕከላዊ የሆነው ምልክት ደግሞ በአማርኛ አንድ የተስማማ ስም የለውም። አንዱ ተርጓሚ «ማፏጨት» ይለዋል፤ ሌላው «ሲር ሲር ማለት»፤ ሦስተኛው «የደረት ማንኮራፋት»። ሕመምተኛው ግን ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ «ያፍነኛል» ወይም «ብርድ ገብቶኛል» ነው የሚለው። ብርድ በሽታ አይደለም ብሎ ማረም ለሐኪም ይቀላል። በመጠይቅ ላይ ግን ያ ሰው «አይ፣ ደረቴ አያፏጭም» ብሎ ጤነኛ ሆኖ ይመዘገባል። በልጆች አስም ላይ በብዙ አገሮች የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጥናት ይኸው የቃል ችግር ስላሳሰበው ምልክቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል እያሳየ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር።

ስፓይሮሜትር ከቃል ችግር ያወጣል የሚል ተስፋ አለ። መሣሪያው ግን አንድን ሳንባ ደካማ ወይም ጤነኛ የሚለው ከሌሎች ሳንባዎች ጋር አነጻጽሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ ቀመር ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የተሰበሰበ በቂ መረጃ አልነበረውም። በዘር ላይ የተመሠረተውን አከፋፈል ትቶ ለሁሉም አንድ ቀመር መጠቀም በአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር የተመከረው በ2023 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የወጡ መቶኛዎች የትኛውን ቀመር እንደተከተሉ ሳይታይ ከአዲሶቹ ጋር መደመር የለባቸውም። በጥቁር አንበሳ የሳንባ ስፔሻሊስቶችን የሚያሠለጥነው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2013 ከተጀመረ ወዲህ የሚያነብ ባለሙያ ተገኝቷል። መሣሪያው ግን ዛሬም የሆስፒታል እንጂ የጤና ጣቢያ ዕቃ አልሆነም።

የብዙዎቹ ጥናቶች የመጨረሻ ገጽ ላይ ሲደረስ አንድ የታወቀ ዐረፍተ ነገር ይገኛል፦ ለኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት ይሰጥ። ይህ ዐረፍተ ነገር የምርምር ውጤት ሳይሆን የወረቀት መዝጊያ ነው። ጭስ እንደሚጎዳ የማያውቅ ጭስ ውስጥ የሚኖር ሰው የለም። ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርግ ሴት ግንዛቤዋን በዐይኗ ይዛዋለች። የጎደለው ግንዛቤ ሳይሆን አማራጭ መሆኑን ደግሞ ከጥናት መረዳት ይቻላል። በአማራ ክልል በሜጫ አካባቢ በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ትልቅ የዕጣ ድልድል ሙከራ፣ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች ልጆች ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሳንባ ምችና በመሰል ሕመሞች መያዛቸው ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም። በማላዊ በ2017 የታወቀውም ውጤት ተመሳሳይ ነው። ጭሱ ቢቀንስም የቀረው አሁንም ከመመሪያው እጅግ የራቀ ከሆነ ሳንባው ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። እንዲህ ያለውን ውጤት «ምድጃው አልሠራም» ብሎ መዝጋት ግን አይገባም፤ ማገዶ መቆጠቡ፣ ዐይን አለመቃጠሉ፣ የእናቲቱ ሳል መቅለሉ ከተጠቃሚዎቹ ሚዛን አንጻር ምን ያህል እንደሚያወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በነዋሪው የሚመራ ግምገማ የሚባለው ነገር ቦታው እዚህ ላይ ነው። ነዋሪው ተጠያቂ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ምን ይለካ፣ የት ይለካ፣ ምን ሲሆን ተሻለ ይባል የሚለውን ይወስናል ማለት ነው። ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ዘመን ነዋሪዎች ጤና ጣቢያቸውን በንጽሕና፣ በመድኃኒት አቅርቦት፣ በወረፋ ርዝመትና በአክብሮት የሚመዝኑበት የውጤት ካርድ ተዘርግቷል። ካርዱ ግን የሚመዝነው ጤና ጣቢያውን ነው፤ ሰው የሚታመምበትን ግቢና ጎዳና አይደለም። በናይሮቢ የሙኩሩ ሰፈር ነዋሪዎች ግን አነስተኛ መለኪያዎችን ይዘው በመንደራቸው እየተዘዋወሩ የራሳቸውን አየር ለክተዋል፤ በቲያትርና በሥዕልም ውጤቱን ለጎረቤት አስረድተዋል።

ይሁን እንጂ ነዋሪው ስለመራው ብቻ ግምገማ ትክክል ይሆናል ማለት አይደለም። ዐይን የሚያየው ትልቁን አቧራ ነው፤ ደቃቁ አይታይም፣ አይሸትም። ነዋሪ ሲጠየቅ ቆሻሻውንና ሽታውን አስቀድሞ ቢያነሣ፣ መለኪያው ደግሞ ሌላ ቢያሳይ፣ ሁለቱን የማስታረቅ ግዴታ የባለሙያው ነው። ከዚህ የከፋ አደጋም አለ። በከሰል ቡና የምታፈላ ሴት መለኪያውን አንገቷ ላይ ለማንጠልጠል ብትፈቅድና ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ያ ቁጥር ነገ ምድጃዋን ለሚያነሣ ደንብ አስከባሪ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የማን ንብረት እንደሆነና ለማን እንደማይሰጥ ሳይወሰን የሚደረግ «አሳትፎ» ከስም አያልፍም። በስብሰባ ተጠርቶ እጅ ማውጣትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጊዜው ደግሞ አልጠበቀም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካ ኤምባሲ ግቢና በዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ቆመው በየሰዓቱ ውጤት ያሳዩ የነበሩት መለኪያዎች፣ በመጋቢት 2025 የዓለም ኤምባሲዎች መረጃ ለሕዝብ መለቀቁ ሲቋረጥ አብረው ዝም አሉ። የከተማው አስተዳደር ያወጣው የአየር ጥራት አያያዝ ዕቅድ የዘመን ገደብ ከ2021 እስከ 2025 ነበር። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ ተከልክሏል፤ ይህ እርምጃ ያንን 28 በመቶ ዝቅ ማድረግ አለማድረጉን ለመናገር መነሻ ልኬቱን የሚደግም ልኬት ያሻል። በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ተለያዩ የከተማዋ አካባቢዎች ሄዱ። ጭስ ካለበት ጠባብ ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ሳንባው ተሽሎት ይሆን? ወይስ የእንጀራ ገቢው ከጀበናው ጋር ቀርቶ ሌላ ሕመም ተተክቶ ይሆን? ለምርምር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ በዘመን አንዴ ቢገኝ ነው። አጋጣሚውን ለመጠቀም ግን ሰዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ማን የት እንደሚሄድ መመዝገብ ነበረበት።

መዝገብ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ መካነ መቃብሮች የሚቀበሩትን በየዕለቱ እየመዘገበ፣ ቤተሰብ ስለ ሟቹ ሕመም የሚሰጠውን ቃል ተቀብሎ የሞት መንስኤ ያጠና ነበር። በዚያ መዝገብ «የሳንባ ሕመም» የሚለው ቃል በዚያን ዘመን ብዙ ጊዜ የኤድስ መሸፈኛ እንደነበረ ተመራማሪዎቹ ለይተው አውቀው፣ ቃሉን እንደ ስሕተት ከመጣል ይልቅ እንደ መረጃ ተጠቅመውበታል። የሰፈር ሰው ቃል በሳይንስ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል በዚህችው ከተማ ተፈትኖ ታይቷል ማለት ነው። የፒያሳ ዕድሮችም የአባላት ስም፣ የመዋጮና የቀብር ደብተር አላቸው። ሰፈሩ ቢፈርስም አንዳንድ አባላት ለዕድሩ ሲሉ ዛሬም ከየሄዱበት ተመልሰው ይገናኛሉ። ማን በየትኛው ግቢ ይኖር እንደነበር፣ ማን እንጀራ ይጋግር፣ ማን ከሰል ይሸጥ እንደነበር የሚያውቀው የዕድሩ ጸሐፊ ነው። ደብተሩም በብዙዎቹ ዘንድ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው።